ቤተሰብ ሳይቀየም ቦርጭ መቀነስ፦ ለአባወራ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሰኞ ተጀምሮ ሐሙስ የሚፈርስ ክብደት የመቀነስ ዕቅድ ብዙ አይቻለሁ። የራሴም ሦስት ጊዜ ፈርሷል። በሦስተኛው ጊዜ አጃና ሰላጣ ለብቻዬ ገዝቼ፣ ከገበታው ራቅ ብዬ መብላት ጀመርኩ። ባለቤቴ "ምግቤ ጠላኸው" ብላ ዝም አለች። ትንሹ ልጄ "አባዬ ታመሃል?" አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ዶሮ ወጥ በሳፋ ይዛ መጣች። በዚያው ቀረ።

በአራተኛው ጊዜ ከራሴ ሳህን ሳይሆን ከቤቱ ድስት ጀመርኩ። በ8 ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ይህን የምጽፈው ብዙ ወንዶች በዚያው በወደቅኩበት ቦታ ሲወድቁ ስለማይ ነው። ድስቱን የሚያማስለው ሌላ ሰው ነው፤ ገበታው የጋራ ነው፤ ጉርሻው ከሰው እጅ ይመጣል። ይህን ሳትነካ የምትጀምረው ነገር ሁሉ አይዘልቅም።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂድ። ሁለተኛውን ዘለህ ሦስተኛውን ብትጀምር ጠብ ይነሳል።

ከመጀመርህ በፊት

የሚያስፈልግህ ትንሽ ነው፦ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተር፣ የሾርባ ማንኪያ፣ ማርከርና ሚዛን። ሚዛን ከሌለህ ፋርማሲ ሄደህ መመዘን ትችላለህ። ሁልጊዜ ግን በዚያው ሚዛን ላይ ውጣ።

ወገብህን ለካ

1. ሸሚዝህን አውልቀህ ቀጥ ብለህ ቁም።
2. የመጨረሻውን የጎድን አጥንትህንና የዳሌ አጥንትህን ጫፍ በጣትህ ፈልግ። ሜትሩ የሚያርፈው በሁለቱ መካከል ነው።
3. ትንፋሽህን በቀስታ አስወጣና አንብብ። ሆድህን ወደ ውስጥ አትሳብ። ሜትሩንም አታጥብቀው።
4. ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፍ።

ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋት ይጨምራል። ከ102 በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። በሱሪህ ቁጥር አትመን። ቦርጭ ያለው ሰው ቀበቶውን ከሆዱ በታች ስለሚያስር፣ ቁጥሩ ለዓመታት ሳይለወጥ ቦርጩ ሊያድግ ይችላል።

ግብህን ትንሽ አድርግ

ለመጀመሪያው ዙር ከክብደትህ 5 በመቶውን ብቻ ያዝ። 90 ኪሎ ከሆንክ 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ደም ግፊትና የደም ስኳር ላይ ለውጥ ለማምጣት ይበቃል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ጥሩ ነው። አንድ ኪሎ ጣሪያው ይሁን።

ሐኪም ሳታማክር የማትጀምርባቸው ሁኔታዎች

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የምትወስድ ከሆነ፣ ምግብ ስትቀንስ ስኳርህ በድንገት ሊወርድ ይችላል። የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል አለበት። የግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲቀንስ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። የኩላሊት ችግር ካለብህም መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ።

ሌላም አለ። ምንም ሳትሞክር ክብደትህ እየቀነሰ ከመጣ ደስ አይበልህ። ተመርመር። ስኳር፣ ቲቢና የታይሮይድ እጢ ችግር ሰውን እንዲህ ያከሳሉ።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀን ምንም ሳትቀይር መዝግብ

በዚህ ሳምንት እንደ ወትሮህ ብላ። ሥራህ መመዝገብ ብቻ ነው። በደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ምን በላህ፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን ሰጠህ።

ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት ቁልፏ። አብዛኛው ሰው "እኔ ብዙ አልበላም" የሚለው ከልቡ ነው። ራሱ ቆርሶ የበላውን ብቻ ስለሚቆጥር ነው እንጂ ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ባለቤቱ የጨመረችለት ጭልፋ፣ እናቱ ያጎረሰችው፣ ከልጆች ትሪ የተረፈው፣ ቢሮ ውስጥ ለልደት የተቆረሰው ኬክ ከቆጠራው ውጭ ይቀራሉ።

ሻይና ቡና ላይ ያደረግከውን ስኳርም በማንኪያ ቆጥረህ ጻፍ። አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ከጠጣህ 48 ግራም ይሆናል። ይህ 190 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው።

መመዝገብ ከረሳህ፦ ያን ቀን ተወውና በማግስቱ ቀጥል። ከትዝታ አትሙላ። 7 ሙሉ ቀን እስክታገኝ ድረስ ወደ ደረጃ 2 አትለፍ። ቅዳሜና እሁድ ውስጡ መኖር አለባቸው፤ ብዙው ምግብ የሚገባው ያኔ ነው።

ደረጃ 2፦ ከቤቱ ሰው ጋር ተነጋገር

ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህን ነው። ወንድ ልጅ ስለ ክብደቱ ሲያወራ ያፍራል። ስለዚህ ዝም ብሎ ይጀምራል። ዝምታውን ቤተሰብ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል፦ ተጣልቶን ነው፣ ታሟል፣ ሌላ ሴት ይዟል።

ከባለቤትህ ጋር

ገበታ ላይ አታንሳው። እንግዳ ፊትም አይሆንም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወይም እሁድ ቡና ላይ ሁለታችሁ ስትሆኑ ተናገር። መጀመሪያ ቁጥርህን አሳያት። "ወገቤ 104 ሆኗል። አባቴን ያየሽው ነው። ልጆቼ ሲያድጉ ማየት እፈልጋለሁ። ካንቺ ውጭ አልችለውም" በላት። በራስህ አነጋገር ተናገር፤ ግን እነዚህ ነጥቦች አይቅሩ። ፍርሃትህን ስትነግራት ነገሩ የእሷን ሙያ ከመንቀፍ ይወጣል።

ከዚያ ሁለት ቃል ግባላት። አንደኛ፣ ሁለት ድስት አይጣድም። ለአንተ ለብቻህ የሚሠራ ምግብ ካለ የእሷ ሥራ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ይሰለቻታል፤ ልክም ናት። ሁለተኛ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ወጥ ቤት ገብተህ አንተ ትሠራለህ። ሽንኩርት መክተፍ ብቻም ቢሆን ጀምር።

ስለ እሷ ሰውነት አንዲት ቃል አትናገር። "አንቺም ብትቀንሽ" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ሁሉን ታፈርሰዋለች። አያስፈልግምም። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት 130 ጥንዶች ለ6 ወር ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ውስጥ የገባው አንደኛው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ምንም ካልታዘዙት አጋሮች መካከል ሲሶ የሚሆኑት ከክብደታቸው 3 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሰዋል። ድስቱ ከተቀየረ የሚበላው ሁሉ ይቀየራል።

ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች የእሷን ምግብ አትቀንስ። የልጆችንም ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ አትንካ። የምትቀንሰው የድስቱን የዘይት ብዛትና ያንተን ድርሻ ነው።

ከእናትህ ጋር

ለእናትህ "ዳይት ላይ ነኝ" አትበላት። ለእሷ ቃሉ ረሃብ ማለት ነው። እናቶቻችን መክሳትን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ረሃብን አይተዋል። ኤች አይ ቪ ጎረቤቱን ሁሉ ባንኳኳበት ዘመን የከሳ ሰው ምን ይባል እንደነበር አልረሱም። ስለዚህ "ምነው ከሳህ?" ስትልህ አትቆጣ። ጥያቄው "ልትሞትብኝ ነው ወይ?" ነው።

መልሱን አስቀድመህ ስጣት። "እማዬ፣ ሐኪሙ ስኳር እንዳይይዘኝ ትንሽ ቀንስ ብሎኛል። ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም" በላት። ሐኪም ጋ ሄደህ ከሆነ ብቻ ነው እንዲህ የምትላት፤ ስለዚህ ሂድ። የምርመራ ወረቀትህን አሳያት። ባታነበውም ማኅተሙን ታያለች።

ውጭ አገር የምትኖር ከሆነ ክብደትህ ሲቀንስ ፎቶ ብቻ አትላክላት። ፎቶ ያስደነግጣታል። በቪዲዮ ደውልላት፣ ተነስተህ ተንቀሳቀስ፣ ስትስቅ ትይህ።

ምግቡን የምትሠራው ልጅ

ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች ዘይቱን የምታፈሰው እሷ ናት። ብዙ ቤት ሁሉ ሰው ይነገረዋል፣ እሷ ግን አትነገርም። ከዚያ ለምን ዘይት በዛ ተብላ ትወቀሳለች። ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ አስረዷት። ማንኪያውን አሳዩዋት። "ቀንሺ" ብቻ ማለት አይሠራም፤ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ንገሯት።

ከባለቤትህ ጋር የጀመርከው ውይይት ከተበላሸ፦ አትጫን። አንድ ሳምንት ቆይ። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን አንተ አብስል። ሥራህን ስታይ ትሰማሃለች። ያኔ እንደገና አንሳው።

ደረጃ 3፦ ከዘይቱ ጀምር

እንጀራ አይደለም የመጀመሪያው ጠላት። ብዙ ሰው እንጀራን አቁሞ ዘይቱን ይተወዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ቅቤም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አብረን እናስላው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ዘይት ከጨረሰ፣ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። ወደ 345 ኪሎ ካሎሪ ነው። ያው ቤት ወደ 3 ሊትር ቢወርድ እያንዳንዱ ሰው በቀን 138 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል። ማንም ሳይራብ። የዘይትን ዋጋ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ።

ጀሪካኑ ላይ ቀን ጻፍ

አዲስ ጀሪካን ስትከፍቱ ቀኑን በማርከር ጻፍበት። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ ደብተርህ ላይ አስፍር። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ማንንም አይከስም፣ አይከራከርም። 5 ሊትሩ ከ30 ቀን ወደ 50 ቀን ከተራዘመ ግቡን መትተሃል።

ቁሌቱን በውሃ አብስል

1. ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍ። ድስቱን መካከለኛ እሳት ላይ ጣድ። ዘይት አታድርግ።
2. ሽንኩርቱን ጨምረህ አማስል። የራሱ ውሃ ያበስለዋል። መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርግ። ይህን እየደጋገምክ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይ።
3. በርበሬውን ከውሃ ጋር ጨምር። ደረቅ ድስት ላይ አትበትነው፤ ቶሎ ያራል። 10 ደቂቃ ያህል ይብሰል።
4. ዘይቱን አሁን ለካና ጨምር። ለአራት ሰው ሽሮ ወይም ምስር 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በቀጥታ ከጀሪካኑ አታፍስስ።
5. ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምር። መከለሻውን ልታወርደው ስትል ነስንስበት።

"ዘይቱ ካልወጣ ወጡ አልበሰለም" የሚል ሰው ይኖራል። ብዙዎቻችን የወጥ መብሰል የምናውቀው ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በዚህ አሠራር ያ ምልክት የለም። ቀምሰህ እወቅ።

በርበሬው ጥሬ ጥሬ ካለ፦ አልበሰለም ማለት ነው። ሙቅ ውሃ ጨምረህ 10 ደቂቃ አቆየው። ዘይት አትጨምርበት።

ከሥር ከያዘ፦ እሳቱን ቀንስና ውሃ ጠብ አድርግ። ከጠቆረ ግን አትታገለው። ምሬቱ አይለቅም፤ እንደ አዲስ ጀምር።

ቤተሰቡ "ጣዕም የለውም" ካለ፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀንሰሃል። ጨው ጨምረህ አታካክስ፤ ለግፊት ነው የምትዳርጋቸው። ዘይቱን በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ ብቻ እየቀነስክ ውረድ። ምላስ ይለምዳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ስኳሩም በዚሁ መንገድ ይሂድ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንስ። ለስላሳ መጠጥ ከቤት ይውጣ፤ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። እንግዳ ሲመጣ ይገዛል። ፍሪጅ ውስጥ ግን አያድርም።

ደረጃ 4፦ የጋራ ገበታ ላይ ልክህን እወቅ

ትሪ ላይ አብሮ መብላት ደስ የሚል ነገር ነው። አትተወው። ችግሩ ስንት እንደበላህ አለማወቅህ ነው። እንዲህ አድርግ።

1. ከመቀመጥህ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ።
2. ወጥ ከመጨለፉ በፊት ያንተን ድርሻ እንጀራ ለይ። በደብተርህ ሁለት እንጀራ ትበላ ከነበር መጀመሪያ ወደ አንድ ተኩል ውረድ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ ከሩብ።
3. ከፊትህ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ ወይም ጥቅል ጎመን ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎችህ ከእሱ ይሁኑ።
4. ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም አይብ አይጥፋ። ጥጋብ የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ትንሽ ነው።
5. ከሥር የተነጠፈውንና ወጥ የጠጣውን እንጀራ ተወው። ጣፋጭ ነው፤ የወጡ ዘይት ሁሉ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው።
6. ድርሻህ ሲያልቅ እጅህን ታጠብ። ተቀምጠህ ተጫወት፤ እጅህ ግን ይታጠብ። የታጠበ እጅ ወደ ትሪ አይመለስም።

የልጆችን ትራፊ አባት ነው የሚጨርሰው። ምግብ መጣል ነውር ነውና እንበላዋለን። መፍትሔው ለልጆቹ ከመጀመሪያው ትንሽ ማቅረብ ነው። ከፈለጉ ይጨመርላቸዋል።

ከሥራ አምሽተህ የምትገባ ከሆነ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለብቻህ የሚቀርብልህ ትሪ አደገኛ ነው። ርቦሃል፣ ደክሞሃል፣ ባለቤትህም አዝናልህ አብዝታ ታቀርባለች። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ሙዝ ብላ። ማታ የሚቀርብልህ ድርሻ ቀድሞ እንዲለይልህ ጠይቅ።

ጠዋት የሚበላው የትናንቱ ፍርፍር ከሆነ፦ ፍርፍሩ ራሱ ችግር የለበትም። አዲስ ዘይት ወይም ቅቤ አይጨመርበት። ጨጨብሳ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በሌላው ቀን ቅንጬ፣ አጃ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ተካበት።

ደረጃ 5፦ ጉርሻን ሳታስቀይም አሳልፍ

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ይባላል፤ አንድ ብቻ መጉረስ ካጣላ፣ ጨርሶ እንቢ ማለትማ መንገድ አይደለም። የመጀመሪያውን ተቀበል። አመስግን። ከዚያ አንተም አጉርስ። ይህ ዘዴ ለእኔ ከሁሉም በላይ ሠርቷል። የሚያጎርስ ሰው እጁ ሥራ ላይ ነው፤ አልበላም ተብሎም አይታማም።

ሳህንህ ባዶ አይሁን። በእኛ ቤት ባዶ ሳህን "ጨምሩልኝ" ማለት ነው። ሁልጊዜ ከፊትህ ትንሽ ይትረፍ፤ ቀስ እያልክ ብላ።

"በሞቴ" ወይም "አፈር ስሆን" ሲመጣ የምትለውን አስቀድመህ ተለማመድ። ለእናትህ፦ "እማዬ እጅሽ ይባረክ፤ አሁን ጠግቤያለሁ። ቋጥሪልኝና ነገ እበላዋለሁ።" ለአማትህ፦ "እማማ፣ እጅዎ ይባረክ። ቢቋጥሩልኝ ለልጆቹ እወስድላቸዋለሁ።" ቋጠሮ ሁሉንም ያስታርቃል። የሰጠችው አልተመለሰባትም፤ አንተም አልበላህም። ቤት ስትደርስ ለቤቱ ሰው ይከፋፈል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ "በልቼ ነው የመጣሁ" አትበል። ሰው ቤት ልትበላ ተጠርተህ በልተህ መምጣት ስድብ ነው።

ታላቅ ወንድም ወይም አጎት "ሚስትህ አታበላህም እንዴ?" ብሎ ከቀለደ፦ ዝም አትበል። ቀልዱ ያረፈው ባለቤትህ ላይ ነው። እዚያው ሁሉ እየሰማ፣ "የእሷ ምግብ ነው ጤናዬን የመለሰልኝ" በል። ይህን አንድ ጊዜ ከሰማች ቀሪውን መንገድ ከጎንህ ትሆናለች።

ቡና ላይ ደግሞ ፈንዲሻው ስኳር ሳይነሰነስበት ይቅረብ። ዳቦው ለእንግዳ ነው። አቦል ላይ ስኳር ካስፈለገህ አድርግ፤ ቶናና በረካን ያለ ስኳር ሞክራቸው።

ደረጃ 6፦ ጾምና በዓል

ጾም በራሱ አያከሳም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጾሞ ወፍሮ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ። ሥጋና ቅቤ ሲቀር ዘይት ይገባል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቆይቶ የተራበ ሰው በዘይት የራሰ ፍርፍር ላይ ይወድቃል።

ስታፈጥር ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ውሃ፣ ከዚያ ሽምብራ ወይም ምስር፣ ከዚያ ጎመን፣ በመጨረሻ እንጀራ። የሱፍና የተልባ ፍትፍት ጤናማ ነው፤ ግን ሱፍም ተልባም ራሳቸው ቅባት አላቸውና ዘይት አይጨመርባቸው። በረመዳን የምትጾም ከሆነ ቴምርና ሾርባ ይቅደሙ፤ ሳምቡሳው አንድ ይሁን። ቤተሰቡ በዘይት ጠብሶ ከሚያወጣው በምድጃ ቢጋግረው ደግሞ ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ። ጨጓራ ካለብህ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስለ ጾሙ ሐኪምህንና የሃይማኖት አባትህን አስቀድመህ አማክር።

በዓል ሲመጣ ብላ። የፋሲካን ዶሮ ወጥ የሚከለክል መመሪያ አልጽፍም። ጉዳቱ ያለው በበዓሉ ቀን ሳይሆን በተከታዩ ሳምንት ነው። ስለዚህ በዋዜማው ከባለቤትህ ጋር ሦስት ነገር ወስኑ፦ ምን ያህል ይታረዳል፣ ምን ያህሉ ለጎረቤትና ለዘመድ ይሄዳል፣ የሚቀረው እንዴት ይቀመጣል። ሥጋውን ለአንድ ጊዜ በሚሆን መጠን ከፋፍለህ ፍሪዘር ውስጥ አስገባ። ድፎው በማግስቱ ይሰጥ።

በበዓል ሰሞን 2 ኪሎ ከጨመርክ፦ አትደንግጥ። አብዛኛው ጨውና ምግብ የያዘው ውሃ ነው። ለ5 ቀን ወደ ደረጃ 4 ተመለስና ከዚያ ተመዘን። ለመበቀል ብለህ ራስህን አታስርብ።

ደረጃ 7፦ እግርህን ከቤተሰብ ጋር አንቀሳቅስ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ዝቅተኛው ነው። 30 ደቂቃ በ5 ቀን። ፈጠን ማለት ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም።

ጂም ገብተህ ማታ ማታ ብትጠፋ ቤት ውስጥ ቅሬታ ይነሳል። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት በእግር አድርስ። ከባለቤትህ ጋር ከእራት በኋላ ወይም ጠዋት በማለዳ ውጡ። ከመክሳቱ ይልቅ ለእኔ የቀረልኝ ትልቁ ነገር ይህ የጠዋት እርምጃ ነው፤ ለዓመታት ያላወራነውን አውርተንበታል።

ጉልበትህን ካመመህ፦ ወደ 10 ደቂቃ ዝቅ አድርግና በቀን ሦስት ጊዜ ክፈለው። ዳገት ለጊዜው ተው። ደረትህን ከጨመቀህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን ቁም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂድ።

ቢራንም እዚህ ልንካው። አንድ ጠርሙስ 140 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሦስት ጠርሙስ አንድ ሰዓት በእግር ተጉዘህ የምታቃጥለውን ይበልጣል። አብሮት የሚመጣው ጥብስ ሳይቆጠር ነው። ጓደኞችህን በሳምንት አንድ ቀን አግኛቸው፣ ቁጥሩን ሁለት ላይ አቁም።

ደረጃ 8፦ ለካ፣ አስተካክል

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ገብተህ ከወጣህ በኋላ፣ ቁርስ ሳትበላ ተመዘን። በየቀኑ አትመዘን። የሰውነት ውሃ ብቻውን በአንድ ቀን 1 ወይም 2 ኪሎ ያወዛውዛል። ወገብህን በየሁለት ሳምንቱ ለካ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልቀነሰ፦ መጀመሪያ የጀሪካኑን ቀን ተመልከት። ዘይቱ ወደ ድሮው ፍጥነት ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቅዳሜና እሁድን መዝግብ። ከዚያ እንቅልፍህን አስብ፤ በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ይርበዋል። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ከእንጀራህ ሩቡን ቀንስ።

ቶሎ ቶሎ ከቀነሰ፦ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኋላም በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ከወረደ ድርሻህን ጨምር። ካልቆመ ተመርመር።

የስኳር መድኃኒት እየወሰድክ ካላበህ፣ ከተንቀጠቀጥክ ወይም ከዞረብህ፦ ስኳርህ ወርዶ ይሆናል። 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ወዲያው ጠጣ። 15 ደቂቃ ቆይ። ካልተሻለህ ድገመውና ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ሲሻልህ ምግብ ብላ። ይህን ለባለቤትህና ለትልልቅ ልጆችህ ዛሬውኑ አስተምራቸው። ራስህን ከሳትክ አፍህ ውስጥ ምንም እንዳይጨምሩ፣ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል እንዲወስዱህ ንገራቸው።

ዘመድ የማቅጠኛ ሻይ ወይም ክኒን ካመጣልህ፦ አመስግነህ ተቀበል፣ አትጠጣው። ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ውሃ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅም ብዙ አለ።

ልጆችህ "ወፍራም" "ቀጭን" የሚሉ ቃላት መለዋወጥ ከጀመሩ፦ ራስህን ተመልከት። ምናልባት ሚዛን ላይ ስትወጣ ፊትህን ያያሉ። ሚዛኑን መኝታ ቤት አስገባው። ልጅ ፊት ስለ ኪሎ አታውራ፤ ስለ ጉልበት አውራ። "ዛሬ ደረጃውን ሳልቆም ወጣሁት" በላቸው።

ካሳካህ በኋላ ክብደቱ ተመልሶ 2 ኪሎ ከጨመረ፦ 5 እስኪሆን አትጠብቅ። ደብተሩን አውጣና ደረጃ 1ን ለ7 ቀን ድገም። ማን ሰጠህ የሚለውን ዓምድ በደንብ እየው። እኔ ሲመለስብኝ ያገኘሁት አዲስ የሥራ ባልደረባዬ በየጠዋቱ የሚያመጣልኝን ብስኩት ነበር። በማግስቱ ሁለት ሙዝ ይዤ ሄድኩና አንዱን ለእሱ ሰጠሁት። አሁን ሙዝ የሚያመጣው እሱ ነው።